የደብረ ታቦር መናገሻነት፤ አነሣሡና አወዳደቁ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን እግዚአብሔርን፣ ቀጥለንም መምህራኖቻችንን እናመሰግናለን። በዓል ሲከበር ያለፈውን ማንሣት የተለመደ ነው። ስለ ትምህርት ቤታችን ያለፉ ዓመታት ከእኛ የሚበልጡ ሰዎች ስለሚናገሩ፣ እኛ ትምህርት ቤቱ ስለ ቆመባት ስለ ከተማችን ልንናገር መርጠናል።

በዓለም ታሪክ ትምህርታችን ስለ ማያ ሕዝብና ስለ ቲካል ከተማ ተምረናል። ቲካል በመካከለኛው አሜሪካ፣ በዛሬዪቱ ጓቴማላ ደን ውስጥ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በገናንነቷ ዘመን በዐሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ይኖርባት ነበር፤ ከቤተ መቅደሶቿም ረጅሙ ከ60 ሜትር ይበልጣል። ነገሥታቷ የነገሡበትንና ድል ያደረጉበትን ቀን በድንጋይ ሐውልት ላይ እያስቀረጹ ያቆሙ ነበር። ከእነዚህ ሐውልቶች የመጨረሻው የቆመው በፈረንጆች አቈጣጠር በ869 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ከተማዪቱ ዝም አለች፤ ዛፍ በቀለባት፣ ጦጣም ሰፈረባት። መጻሕፍት ይህን ሲተርኩ «ምሥጢራዊ አወዳደቅ» ይሉታል።

ይህን በተማርን ጊዜ እጅግ ተደነቅን። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለመመርመር ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። ከዚህ አዳራሽ ወጥተን ዙሪያችንን ብንመለከት፣ የቆምንበት ምድር ራሱ የመናገሻ ምድር ነው። ከራስ ጉግሣ ዘመን ጀምሮ እስከ ዐፄ ዮሐንስ ፍጻሜ ድረስ፣ ሰማንያ ዓመት ያህል፣ የኢትዮጵያ ነገር በአብዛኛው ይመከርና ይቈረጥ የነበረው በዚህ ደጋ ላይ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ግቢ፣ ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ያ ሁሉ አዳራሽ የት ሄደ? ስለ ምንስ ከአብያተ ክርስቲያናት በቀር ይህ ነው ተብሎ ለእንግዳ የሚታይ ብዙ ሕንጻ አልቀረልንም? ዛሬ ልንመልሰው የምንሞክረው ጥያቄ ይህ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በአገራችን የመናገሻ ከተማ መነሣትና መተው ከደብረ ታቦር አልተጀመረም። በ1512 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው መናገሻ የድንኳን ከተማ ነበር። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ተተክሎ፣ መኳንንቱም እንደየማዕርጋቸው በቀኝና በግራ ይሰፍሩ ነበር። ንጉሡ ሲነሡ ከተማው አብሮ ይነሣል፤ ትናንት ገበያ የነበረው ሜዳ በማግሥቱ የከብት መሰማሪያ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ነገሥታቱ ወደ ጣና አካባቢ መጥተው በድንጋይና በኖራ መገንባት ጀመሩ። ወደ ጎንደር ስንጓዝ በእንፍራንዝ አጠገብ ከኰረብታው ላይ ሐይቁን ቁልቁል የሚመለከተው የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል። ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ሠሩ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በአሪንጎም የጎንደር ነገሥታት ከከተማ ወጥተው ይቀመጡበት የነበረ ቤተ መንግሥት ነበረ። ከእነዚህ ሁሉ ከተማ ሆና የቀጠለችው ጎንደር ናት፤ የቀሩት ፍርስራሽ ሆኑ፤ በዙሪያቸውም ገበሬ ያርሳል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ከተማ እንምጣ።

በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ያሉት ነገሥታት ዘውድ እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም። ሥልጣኑ በየጁ መሳፍንት እጅ ነበር። ከእነርሱም ስመ ጥሩ የሆኑት ራስ ጉግሣ መርሶ ከጎንደር ግንብ ርቀው በዚህ ደጋ ላይ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ፤ በ1817 ዓ.ም. እስከ ሞቱም ድረስ በጌምድርን ይዘው ኖሩ። ስለ ምን ይህን ቦታ እንደ መረጡ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ሊገምት ይችላል። ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው አየሩ ቀዝቃዛና ጤናማ ነው፤ የቆላ ወባ አይደርስበትም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ እንደ ጋሻ ቆሞለታል፤ የርብና የጉማራ ወንዞችም ከዚያው ተራራ ይመነጫሉ። ለፈረሰኛ ሠራዊት ሣር ያለበት ሰፊ ሜዳ አለ። በጋይንት በኩል የሚወጣው መንገድ ወደ ወሎና ወደ የጁ፣ በስተ ምዕራብ የሚወርደውም ወደ ጣናና ወደ ጎንደር ያደርሳል።

ይሁን እንጂ ትልቁ የንግድ ቦታ ሌላ ነበር። የነጋዴው መሰብሰቢያና የቀረጡ በር በርብ ሜዳ ያለው ይፋግ ነበር፤ እስላም ነጋዴዎችም በደሪጣ ይኖሩ ነበር። ደብረ ታቦር ግን ከሁሉ በፊት የጌታና የሠራዊት ከተማ ነበረች። ይህን ልዩነት አድማጮቻችን በልባችሁ እንድትይዙልን እንለምናለን፤ የነገሩ መፍቻ ከዚህ ይጀምራልና።

ከራስ ጉግሣ በኋላ ራስ ይማም፣ ራስ ማርዬ፣ ራስ ዶሪ በስድስት ዓመት ውስጥ ተፈራረቁ። በ1823 ዓ.ም. ተራው የራስ ዓሊ ሆነ፤ እርሳቸውም ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ቆዩ። በዘመናቸው ከተፈጸሙት ነገሮች አንዱ የከተማችንን ጠባይ አጉልቶ ያሳያል። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ እስከዚህ ድረስ መጥተው በደብረ ታቦር ከራስ ዓሊ ጋር ተዋጉ። ውቤ ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ድል አድራጊው በድንኳናቸው ደስታ ሲያደርጉ፣ ከራስ ዓሊ ወገን የነበሩት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። የሸሹት ጌታ ተመልሰው ራስ ሆኑ፤ ያሸነፉት እስረኛ ሆኑ። የመላው አገር ዕጣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተገለበጠ ማለት ነው። መሠረቷ በሰው ትከሻ ላይ የሆነ ከተማ፣ ያ ሰው በተንገዳገደ ቍጥር አብራ ትንገዳገዳለች።

በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረጉ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዐፄ ቴዎድሮስ አገሩን አንድ ለማድረግ በየአቅጣጫው ሲዘምቱ ከኖሩ በኋላ መመለሻቸው ደብረ ታቦር ነበረች። በሰኔ 1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በሰፈረው ሠራዊት ላይ የኮሌራ በሽታ በወደቀ ጊዜም ንጉሡ ሕዝባቸውን ይዘው የወጡት ወደዚህ ቀዝቃዛ ደጋ ነው።

ከከተማችን አጠገብ ባለው በጋፋት የተደረገውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡት ወልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ጓደኞቻቸው ወንጌል ለመስበክ ሲመጡ፣ ንጉሡ የፈለጉባቸው ግን የእጅ ጥበባቸውን ነበር። ጋፋት የብረትና የነሐስ መሥሪያ ሆነች፤ የአገር ልጆችም ከእነርሱ ጋር እየሠሩ ሙያ ይማሩ ነበር። መድፍ ለማቅለጥ የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ንጉሡ ግን ተስፋ አልቈረጡም፣ እንደ ገና አሠሩ። በመጨረሻም በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። በዚያ ዘመን በዚህ ኰረብታ ላይ ያን የሚያህል ነሐስ አቅልጦ ማፍሰስ፣ አእምሮና እጅ ሲተባበሩ ምን መሥራት እንደሚችሉ ያስረዳል።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ሌላው ነገር ሁሉ እየፈረሰ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመናቸው መጀመሪያ ወታደር ገበሬን እንዳይዘርፍ ከልክለው ነበር። ወደ በኋላ ግን ሸፍጡ በዛ፤ ግብር የሚያገባው አገር እየጠበበ ሄደ፤ ሠራዊቱ ግን መብላቱን አልተወም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። የበጌምድር ገበሬም እህሉን ቀበረ፣ ከብቱን ወደ ገደል አሸሸ፣ የቻለውም ሸፈተ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በርግጥ ያዝዙት የነበረው ከሠፈራቸው ብዙ የማይርቀውን አገር ብቻ ሆነ።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ራሳቸው አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጐተቱ፣ ድንጋይ እያስፈለጡ፣ ገደሉን እያስደለደሉ፣ በጨጨሆ አድርገው ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። ንጉሡ ራሳቸው ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። መድፉ ዛሬም በዚያው አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። የተሠራበት ጋፋት ግን ባዶ ቀረ።

ደብረ ታቦር ከአመዷ እንደ ገና ተነሣች። በ1864 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ በከተማችንና በአጠገቧ ባለው በሰመራ ይቀመጡ ነበር። የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው እንግሊዛዊው ጎርደን በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ያገኛቸው በዚሁ በደብረ ታቦር ነው። ነገር ግን ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ሲወድቁ መናገሻነቱ ወደ ሸዋ ሄደ፤ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ደብረ ታቦር የበጌምድር ገዥ መቀመጫ ሆና ቀረች። የመጨረሻው ታላቅ ጌታዋ ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ። ከዚያም ኢጣልያኖች በአምስቱ ዓመት ጎንደርን የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት፤ በ1933 ዓ.ም. ከተባረሩ በኋላም የበጌምድር አስተዳደር በዚያው በጎንደር ጸና።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ስለ ምን ወደቀች? እኛ ሦስት ምክንያት እናያለን።

አንደኛው የመሶቡ ነገር ነው። የመናገሻ ሠፈር አርሶ አይበላም፤ ያረሰውን ይበላል። ወታደሩ በገበሬ ቤት ይመራል፤ ዱቄቱን፣ ጌሾውን፣ በጉን፣ ማገዶውን የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የወጣው ከእንዲህ ያለው ኑሮ ነው። ሹመቱ ዕድሜ እንደሌለው የሚያውቅ ሹም ለነገ አያስብም። ገበሬውም ትርፍ ቢያመርት ለዘራፊ ስለሚሆን የሚያርሰው ለጕሮሮው ያህል ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ከተማው በዙሪያው ያለውን ምድር ባጠገበው ፈንታ አስራበው፤ ምድሪቱም በተራዋ ከተማዪቱን አስራበቻት።

ሁለተኛው የእንጨት ነገር ነው። የቀድሞው ቤት ሁሉ የሚሠራው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ነበር፤ ታላቁ አዳራሽ እንኳ ሰፊ ክዳን ያለው ሰቀላ ነው። ወጡም ጠላውም እንጀራውም በማገዶ ይበስላል። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ኰረብታ ላይ ሲሰፍር ወይራውና ጥዱ በጥቂት ዓመት ያልቃል፤ እንጨት ለቃሚውም በየዓመቱ ይርቃል። በአገራችን ብዙ መናገሻዎች ከተተዉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ ዕጣ ያመለጠችው ለጥቂት ነው። ዐፄ ምኒልክ ማገዶ ስለ ራቀ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለም የተባለ ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ በከተማዪቱ ዙሪያ ተተከለ፤ የድንጋይ ቤትም ተሠራ፤ በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ደረሰ፤ ከተማዪቱም በቦታዋ ጸናች። እንግዲህ የአንድ ዋና ከተማ ዕጣ በአንድ ዛፍ ችግኝ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ብንል አላጋነንም። የሣርና የእንጨት ከተማ ደግሞ በአንድ ክብሪት ያልቃል፤ ለዚህም ነው ከመስከረም 1860 ዓ.ም. በፊት የነበረው ግቢ በአብዛኛው የማይታየን።

ስለዚህ ነገር ስናስብ የከተማችን ስም ራሱ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። ጌታችን በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያ መኖር መልካም መሆኑን ተናግሮ ሦስት ዳስ ለመሥራት ጠየቀ። ዳሱ አልተሠራም፤ ደቀ መዛሙርቱም ወደ ታች፣ ሕዝብና በሽተኛ ወዳለበት ወረዱ። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ችቦ አብርተን፣ ሙልሙል ተቀብለን በዓሉን ስናከብር ይህንንም ብናስበው መልካም ነው። በእኛ ታቦር ላይ ግን ዳሱ ተሠራ፤ ከዳሱ ወርዶ ሕዝቡን የሚያይ ግን ጥቂት ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ መለካቱ ነው። ጋፋት ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ነው። በዚያ የተገኘው ዕውቀት ማረሻም፣ ወፍጮም፣ ድልድይም ሊሠራ ይችል ነበር። ነገር ግን ዕውቀቱ የንጉሡ ነበር እንጂ የአገሩ አልሆነም፤ ተማሪ ተማሪን እንዲተካ የሚያደርግ ሥርዓት አልቆመም። ባለሙያዎቹ ከንጉሡ ጋር ወደ መቅደላ ሄዱ፤ ከዚያም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። እንግዲህ ከተማችን በ1860 ዓ.ም. ከጠፋባት ሁሉ የሚያሳዝነው የተቃጠለው አዳራሽ ሳይሆን የተቋረጠው ትምህርት ነው እንላለን።

አሁን አንድ ጊዜ ወደ ቲካል እንመለስ። ሊቃውንቱ ዛሬ ስለ እርሷ ውድቀት የሚሉት ከላይ ከዘረዘርነው ጋር ይቀራረባል። ነገሥታቷ እርስ በርሳቸውና ከጎረቤት ከተሞች ጋር ሲዋጉ ኖሩ። ለእርሻና ለኖራ ማቃጠያ ደኑ ተመነጠረ። ከተማዪቱ ወንዝ ስላልነበራት የምትጠጣው በኵሬ የተጠራቀመ የዝናም ውሃ ነበር፤ በዘጠነኛው መቶ ዓመት ደጋግሞ ድርቅ በመጣ ጊዜ ኵሬዎቹ ጐደሉ። ንጉሡ በሰማይና በምድር መካከል ቆሞ ዝናም ያስገኛል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ዝናሙ ሲቀር የንጉሡም ክብር ቀረ። ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወጣ። የእኛዪቱ አክሱም ከባሕር ንግድ ስትቈረጥ፣ ምድሯም ሲደክም ከገናንነቷ እንደ ወረደች እናስታውሳለን። አንድ ከተማ ባንድ ምክንያት አይወድቅም፤ ብዙ ነገር ባንድነት ሲገጥም ይወድቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ይህ ነው። ማያዎች አልጠፉም። ዛሬም በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ የማያ ልጆች በጓቴማላና በሜክሲኮ የአባቶቻቸውን ቋንቋ እየተናገሩ፣ በቆሏቸውን እየዘሩ ይኖራሉ። የጠፋው የነገሥታቱ ግቢ እንጂ ሕዝቡ አይደለም። በእኛም ዘንድ እንደዚሁ ነው። ራስ ዓሊ ሄዱ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሄዱ፤ ዐፄ ዮሐንስ ሄዱ። የጉናና የፋርጣ ገበሬ ግን አልሄደም። ቤቱ ሲቃጠል መልሶ ሠራ፤ በሬው ሲነዳ ከዘመድ ተበድሮ አረሰ። ካህናቱም በኢየሱስና በኅሩይ ጊዮርጊስ መቀደሳቸውን አልተዉም። እንግዲህ «ምሥጢራዊ አወዳደቅ» የሚባለው ነገር ምሥጢርነቱ ለሚፈልገው ዐይን ነው። ዐይናችን ቤተ መንግሥት ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ከተማው ጠፋ እንላለን፤ ማሳውንና ደጀ ሰላሙን ካየን ግን አገሩ እንዳለ ነው።

ከተማችንም ቢሆን ሞታ አልቀረችም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቻይናውያን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ በመካከሏ አለፈ። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያስጐተቱበት የጨጨሆ በር ዛሬ የእህል ጫኝ መኪና መተላለፊያ ነው። ደብረ ታቦር አሁን የደቡብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ገበያ አላት፤ ሆስፒታል አላት፤ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲ አላት። እነዚህ አንድ ጌታ ሲነሣ አብረው የሚነሡ ድንኳኖች አይደሉም።

ይሁን እንጂ የቀድሞው ፈተና ሁሉ አለፈ ብለን ልንተኛ አይገባም። እርሻው ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ እየወጣ ነው። በክረምት የርብንና የጉማራን ውሃ የተመለከተ ሰው ቀለሙ የአፈር እንደ ሆነ ያያል፤ ያ አፈር የአባቶቻችን ማሳ ነበር፣ አሁን ወደ ጣና ይሄዳል። ሠፈር ዛፉን ሲጨርስ ለመነሣት የሚችለው ሌላ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። እኛ ግን ከዚህ ተነሥተን የምንሰፍርበት ሌላ ጉና የለንም።

ሁለተኛው ፈተና ስለ ራሳችን ስለ ተመራቂዎቹ ነው። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ስንፈጽም ብዙዎቻችን ወደ ሩቅ አገር እንበተናለን። መሄዱ ነውር አይደለም፤ ዕውቀት የሚገኘው በመጓዝ ነውና። ነገር ግን ወላጆቻችን ከማሳቸውና ከመደብራቸው ቈርሰው አስተምረውን፣ እኛ በልተን እንደ ተነሣ ሠራዊት ወደ ኋላ ሳንመለከት ብንሄድ፣ ከቀድሞው ሠፈር በምን እንሻላለን? ባለንበት ሆነን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ብናስተምር፣ የተማርነውን ለአገሩ ሰው በሚጠቅም መንገድ ብንመልሰው፣ ያን ጊዜ በጋፋት የተቋረጠው ትምህርት ተቀጠለ ማለት ነው።

ስለዚህ በክፍላችን ስም ሦስት ነገር ለትምህርት ቤታችን እናሳስባለን። መጀመሪያ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ካህናት እየሄዱ፣ ስለ ጋፋት፣ ስለ ሰመራ፣ ስለ አሪንጎና ስለ ከተማዪቱ ሠፈሮች የሚነገረውን በጽሑፍ እንዲሰበስቡና በቤተ መጻሕፍታችን እንዲቀመጥ። ሽማግሌ ሲሞት የሚቀበረው ብቻውን አይደለምና ይህ ሥራ ለነገ አይባልም። ሁለተኛ፤ በጋፋት ኰረብታ ላይ ተማሪዎች በየዓመቱ እየሄዱ ታሪኩን በቦታው እንዲማሩ፤ ድንጋዩንና የቀለጠውን ብረት ርዝራዥ ማንም እንዳያነሣ እንዲጠብቁ። ሦስተኛ፤ የሚመረቀው ክፍል ሁሉ በግቢያችንና በአቅራቢያው ባለው ገላጣ ላይ የአገር ዛፍ፣ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ እንዲተክል፤ የሚቀጥለውም ክፍል እንዲንከባከበው። ባሕር ዛፍ መናገሻን አድኗል፤ አፈሩንና ምንጩን የሚያድኑልን ግን እነዚህ የአባቶቻችን ዛፎች ናቸው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ እኛ የተማርነው በእናንተ ድካም ነው። ክቡራን መምህራን፤ ጠይቁ፣ መርምሩ እያላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተ ናችሁ። ስለ ነገሥታቱና ስለ መሳፍንቱ ስንናገር ለመውቀስ አልተነሣንም፤ በዘመናቸው ያዩትን ያህል ሠርተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ድንጋይ በትከሻው የተሸከመ ንጉሥ ነበረ። ከእኛ የሚጠየቀው ግን እነርሱ ካዩት በላይ ነው፤ ያለፈውን ሁሉ አይተን ተነሥተናልና።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፣ ከተማችንንና አገራችንን ይጠብቅልን።